ለአደን የሌዘር ርቀት መለኪያ፦ ባለ አንድ ዓይን ወይስ ባለ ሁለት ዓይን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የቀስት አደን በሚጀመርበት ሰሞን፣ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ፣ የአደን ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጀመሪያ ፈቃዳቸውን ያወጡ ወገኖች ናቸው። መሣሪያውን ገዝተዋል፣ ጫማውን ገዝተዋል፤ ርቀት መለኪያው ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። አንደኛው ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ነው። ሌላው በሁለት ዓይን የሚታይበት ሙሉ ባይኖኩላር ሆኖ ሌዘሩ በውስጡ የተገጠመለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህላል። ደጋግሜ በስልክ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የማወራው ስለ ሮኪ ተራሮች፣ ስለ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) እና ስለ አጋዘን አደን ነው፤ ሜዳ ላይ ለሚያድን ሰው አንዳንዱ ነገር ላይገጥም ይችላል።

ሌዘሩ ርቀቱን እንዴት ያውቃል?

ቁልፉን ሲጫኑ መሣሪያው ዓይን የማያየው አጭር የብርሃን ምት ይልካል፤ ብርሃኑ ዒላማውን ነክቶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 400 ያርድ (366 ሜትር ገደማ) ርቆ የቆመ ኤልክ ጋ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ተኩል ሚሊዮንኛ ሴኮንድ እንኳ አይሞላበትም። አሠራሩ በሁለቱም ዓይነት መሣሪያዎች አንድ ነው። ስለዚህ «ባለ ሁለት ዓይኑ ይበልጥ በትክክል ይለካል» የሚልዎትን ሻጭ በጥርጣሬ ይስሙት። ባለ ሁለት ዓይኑ የሚበልጠው በሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባለ አንድ ዓይኑ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 7 ጊዜ ያጎላል፤ የፊት ሌንሱ ስፋት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ነው። ከ150 ዶላር ጀምሮ ይገኛል፤ ጥሩ የሚባለው ከ300 እስከ 600 ዶላር ያወጣል። ባለ ሁለት ዓይኑ 8 ወይም 10 ጊዜ ያጎላል፤ ሌንሱ አብዛኛውን ጊዜ 42 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ደህናው ከ1000 ዶላር ገደማ ይጀምራል፤ ላይካ፣ ዛይስና ስዋሮቭስኪ ከሚሠሯቸው ብዙዎቹ 3000 ዶላርን ይሻገራሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ላይካ «ጂኦቪድ» የተባለውን ባለ ሌዘር ባይኖኩላሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ ለባለጸጋ አዳኝ ብቻ ነበር፤ አሁን ገንዘብ ያጠራቀመ የታክሲ ሾፌርም ይገዛዋል። ከገዙት ሾፌሮች አንዱ እኔ ነኝ።

ጭራሽ ባልገዛስ?

በጠመንጃ ለሚያድንና ከ200 ያርድ በላይ ለማይተኩስ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የግድ አይደለም። በ200 ያርድ ላይ የተስተካከለ .30-06 ጠመንጃ እስከዚያ ድረስ መሐል ደረት ላይ አነጣጥሮ መተኮስን ይፈቅዳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥይቱ 300 ያርድ ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር፣ 400 ያርድ ላይ ደግሞ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ማዶ ያለ እንስሳ 300 ላይ ይሁን 400 ላይ በዓይን ብቻ መለየት ደግሞ፣ በተለይ ሸለቆ በመካከል ሲኖር፣ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ያታልላል። የ40 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ማለት ደረት የተባለው ጥይት እግር ላይ አረፈ ማለት ነው። የቆሰለ ኤልክ ተከትሎ ጨለማ ውስጥ የዋተተ ሰው ለመለኪያው ዋጋ አይከራከርም።

እሺ፣ የትኛውን ልግዛ?

መልሱ ያለው እርስዎ እንዴት እንደሚያድኑ ላይ ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ገመገም ላይ ተቀምጬ ማዶውን ስቃኝ ከአስፐን ጫካ ጠርዝ አንድ ወንድ ኤልክ ብቅ አለ። ቀንዱን ባይኖኩላሬ ውስጥ ቆጠርኩት። ባይኖኩላሩን ደረቴ ላይ ለቀቅኩ፣ የኪሴን ዚፕ ከፈትኩ፣ ባለ አንድ ዓይኑን አውጥቼ ደገንኩ። የሚታየኝ ግንድ፣ ግንድ፣ አሁንም ግንድ። የአስፐን ግንድ ሁሉ ነጭ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ወደ ባይኖኩላሩ ተመለስኩ፤ ኤልኩ እዚያው ነው። እንደገና ወደ መለኪያው። በሦስተኛው ሙከራ ሳገኘው እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የመጣልኝ ቁጥር የኋላው ዛፍ ቁጥር ነበር። በአራተኛው ጫካው መልሶ ዋጠው።

ባለ ሁለት ዓይኑ የሚያተርፍልዎት ያችን ጊዜ ነው። እንስሳውን ባዩበት መነጽር፣ ዓይንዎን ሳያነሡ፣ ጣትዎን ብቻ ተጭነው ቁጥሩን ያገኛሉ። በሁለት እጅ ስለሚያዝም አይወዛወዝም፤ ባይወዛወዝ ደግሞ ጨረሩ ያለሙት ቦታ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጠው ማዶውን ለሰዓታት የሚቃኙ፣ ብቻዎን የሚያድኑና ከ250 ያርድ በላይ ለመተኮስ የሚዘጋጁ ከሆነ ባለ ሁለት ዓይኑ ዋጋውን ይመልሳል። ጫካ ውስጥ እየተራመዱ ወይም አንድ ቦታ አድፍጠው የሚጠብቁ ከሆነ ግን ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥሩ ባይኖኩላር አለኝ። ልሽጠው?

አይሽጡ። ባይኖኩላርዎ በእውነት ጥሩ ከሆነ 300 ዶላር ጨምረው ደህና ባለ አንድ ዓይን ይግዙበትና ሁለት ወቅት ያድኑ። ከዚያ በኋላ ከላይ የነገርኩዎት ዓይነት ነገር ደጋግሞ ከደረሰብዎት ያኔ ይለውጡ። ቶሎ መቀየርም ልምምድ ነው፤ በረንዳ ላይ ቆሞ የጎረቤትን ጭስ ማውጫ በባይኖኩላር አይቶ በመለኪያው መልሶ ማግኘትን ሃያ ጊዜ ቢለማመዱ እጅዎ ይፈታል። እኔ ያን ሳልለማመድ ነበር ተራራ የወጣሁት። መለኪያውንም ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ደረት ላይ በሚታሰር ክፍት ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡት።

ምንም ባይኖኩላር የሌለው ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። የ700 ዶላር ባይኖኩላርና የ400 ዶላር መለኪያ ከመግዛት በዚያው ገንዘብ አንዱን ባለ ሁለት ዓይን መግዛት ይችላል።

ሁለት ዕቃ መሸከም አይከብድም?

በሚዛን ላይ ልዩነት የለውም። ተራ 10 በ42 (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው) ባይኖኩላር 700 ግራም ገደማ ነው፤ 200 ግራም መለኪያ ሲጨመርበት 900። ባለ ሌዘሩ ባይኖኩላርም እዚያው አካባቢ ነው። የሚከብደው ክብደቱ ሳይሆን ማንገቻውና ኪሱ መብዛቱ ነው።

ለየብቻ መያዝ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ሦስት ሆናችሁ ስታድኑ አንዱ ጠመንጃው ላይ ተኝቶ ሲያነጣጥር ሌላው በመለኪያው ቁጥር ይነግረዋል፤ ባይኖኩላሩም ለሦስተኛው ሰው ይተርፋል። ሌላም አለ፦ ባለ ሌዘሩ ባይኖኩላር ተበላሽቶ ወደ ፋብሪካው ቢላክ በአደኑ ወቅት መለኪያም መነጽርም አይኖርዎትም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፣ ሙሉ ተስፋዎን የጣሉበትን ዕቃ ድንጋይ ላይ አይወርውሩት።

ለቀስት አደንስ?

ባለ አንድ ዓይን። እዚህ ላይ ብዙ አላመነታም። ቀስተኛ የሚያድነው ከ20 እስከ 50 ያርድ ባለው ርቀት ነው፤ ማጉላት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ፍጥነትና ነጻ እጅ ነው። በሌላ በኩል መለኪያ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። በሴኮንድ 280 ጫማ የሚበር ቀስት፣ 30 ነው ብለው የለቀቁበት እንስሳ 40 ያርድ ላይ ቆሞ ከተገኘ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ከደረት ሥር ያልፋል ማለት ነው፤ ካላለፈም ይብሳል። ልማድ አድርገው ተደብቀው እንደተቀመጡ በዙሪያዎ ያሉትን ዛፍና ድንጋይ አስቀድመው ይለኩ፤ እንስሳው ሲመጣ እጅዎን ማንቀሳቀስ አይኖርብዎትም።

ርካሽ ባለ ሁለት ዓይን አገኘሁ። ልግዛው?

የሰዎች ገንዘብ ሲባክን በብዛት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ባለ ሌዘር ባይኖኩላር ውስጥ ጥራት ያለው ሌንስም፣ ሌዘርም፣ ስክሪንም መግባት አለበት፤ ዋጋው ሲወርድ ከመካከላቸው አንዱ ይቀነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው ሌንሱ ነው። ለሰዓታት የሚያዩት ደግሞ በሌንሱ ነው፤ ሌዘሩን በቀን አምስት ጊዜ ቢጫኑት ነው። ዳሩ የሚደበዝዝ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ የሚያሳምም መነጽር ይዘው ተራራ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሁለት ያጣ ማለት ይኸው ነው። 600 ዶላር ብቻ ካለዎት ግማሹን ለተራ ባይኖኩላር፣ ግማሹን ለባለ አንድ ዓይን ያውሉት።

ውድ በሆኑትም ውስጥ አንድ ነገር ያስተውሉ። ብርሃኑን ከፍሎ ወደ ሌዘሩ ተቀባይ የሚመራው ፕሪዝም አንዳንዴ ምስሉን ትንሽ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላዋል። አንዱን ዓይን ጨፍነው በሌላው፣ ከዚያ ደግሞ ገልብጠው ቢያዩ ልዩነቱ ይታይዎታል። እኔን አይረብሸኝም፤ የሚረብሸው ሰው ግን አውቃለሁ።

ሳጥኑ ላይ «2000 ያርድ» ይላል። እውነት ነው?

አዎ፣ መስተዋት ለመሰለ ነገር፤ የመንገድ ምልክትን ለመሰለ አንጸባራቂ ሰሌዳ። የአጋዘን ፀጉር አያንጸባርቅም፤ ብርሃኑን ይበትነዋል። በተግባር እንስሳ ላይ የሚያገኙት ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ጠራራ ፀሐይ ይቀንሰዋል፤ ጉምና የሚወርድ በረዶ ደግሞ ጨረሩን አየር ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ 400 ያርድ ድረስ የሚያድን ሰው 1000 የተጻፈበትን ቢገዛ ያለ ጭንቀት ይሠራበታል።

ከርቀቱ ቁጥር ይልቅ የጨረሩን ስፋት ይጠይቁ። ጨረር እየራቀ ሲሄድ እንደ ባትሪ መብራት ይሰፋል። 2 ሚሊራዲያን (በየ1000 ሜትሩ 2 ሜትር) የሚሰፋው 400 ሜትር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከአጋዘን ደረት ይበልጣል ማለት ነው። የተረፈው ብርሃን ከፊቱ ያለውን ሣር ወይም ከኋላው ያለውን ገደል ይነካል፤ መሣሪያውም የየትኛውን ርቀት እንደነገረዎት አያውቁም። ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ይመኑት።

ያርድ ወይስ ሜትር?

የጠመንጃዎ መነጽርና የጥይትዎ ሰንጠረዥ በምን እንደተጻፉ ያረጋግጡና መለኪያውን ከዚያ ጋር ያስማሙት። ቀላል ይመስላል። እኔ አንድ ዓመት ባትሪ ስቀይር ሳላውቅ ቁልፉን ረዘም አድርጌ ተጭኜ ኖሮ መለኪያዬ ወደ ሜትር ዞሯል። 350 አለኝ፤ ለ350 ያርድ አስተካክዬ ተኮስኩ። 350 ሜትር ግን 383 ያርድ ነው። ጥይቱ ከእንስሳው ሆድ ሥር አቧራ አስነሣ፤ አጋዘኗ ቀና ብላ አየችኝና ሄደች። ኢትዮጵያ ውስጥ በሜትር ያደግን ሰዎች ይህ ስሕተት ይቀርበናል፤ 350 ሲባል አእምሯችን «ሜትር» ብሎ ያልፈዋል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ፊደል አያያትም።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ ይለወጣል?

ይለወጣል። ጥይትን ወደ ታች የሚያወርደው የመሬት ስበት የሚቆጠረው በአግድሙ ርቀት ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁል 400 ያርድ ሲለኩ ለመተኮሻ የሚይዙት 346 አካባቢ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ መለኪያዎች፣ ባለ አንድ ዓይኖቹም ጭምር፣ ይህን ራሳቸው አስልተው ይሰጣሉ። ለተራራ አደን ይህ የሌለውን አይግዙ። ሁለት ቁጥር ሲያሳይዎት የትኛው የተሰላው እንደሆነ ቤትዎ ሆነው ይለዩ።

ንጋትና ምሽት ላይ የቱ ይሻላል?

ኮሎራዶ ውስጥ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። እንስሳትም የሚንቀሳቀሱት በዚያው ሰዓት ነው። ርካሽ ባለ አንድ ዓይኖች ቁጥሩን በጥቁር ቀለም ያሳያሉ፤ ጥቁር ቁጥር በጨለማ ጫካ ላይ አይነበብም። ቀይ የሚያበራ ስክሪን ያለውን ይምረጡ፤ ብርሃኑ መቀነስ የሚችል መሆኑንም ይዩ፤ አለዚያ ቁጥሩ ራሱ ዓይንዎን አጥበርብሮ እንስሳውን ያሳጣዎታል። ባለ ሁለት ዓይኑ 42 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስላለው በዚህ ሰዓት ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም።

የጎልፍ መለኪያ አለኝ። አይሠራም?

በቀስት ርቀት ይሠራል። ነገር ግን የጎልፍ መለኪያ የተሠራው ከኋላ ያለውን ዛፍ ትቶ ከፊት ያለውን ባንዲራ እንዲመርጥ ነው። አዳኝ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከፊት ያለውን ቅጠልና ሣር ትቶ ከኋላ ያለውን እንስሳ የሚመርጥ።

የዓይን መነጽር አደርጋለሁ። ልቸገር?

ዓይንዎ ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆም ሙሉውን ምስል የሚያሳይ ይፈልጉ፤ የጎማውንም ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፉት። ባለ ሁለት ዓይኑ ላይ ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ቁጥሩ በሚታይበት በኩል ቁጥሩን ያጥሩ፣ ቀጥሎ በዚያው ዓይን ምስሉን፣ በመጨረሻ ሌላውን ዓይን። ገልብጠው ከጀመሩ ቁጥሩ ሲጠራ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ብዙ ሰው ደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው።

ባትሪው ብርድ ይችላል?

ብዙዎቹ ሲአር2 የምትባለውን አጭር የሊቲየም ባትሪ ይጠቀማሉ። ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ፍሪዘር ለመሙላት የመጨረሻው ዕድል በሆነው የኅዳሩ የጠመንጃ ወቅት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባትሪውም ይደክማል። ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስዎ ውስጥ፣ ገላዎ አጠገብ ይያዙ። ባለ ሁለት ዓይኑ ባትሪው ቢሞትም ባይኖኩላር መሆኑ አይቀርም።

ሌዘሩ ዓይን አይጎዳም?

«ክፍል 1» የሚል ጽሑፍ ያለበት በተለመደ አጠቃቀም ለዓይን አስጊ አይደለም። ያም ሆኖ ልጆች ወደ ሰው ዓይን እያነጣጠሩ እንዲጫወቱበት አይስጡ። እንስሳው ጨረሩን አያየውም።

ሕጉ ይፈቅደዋል?

ኮሎራዶ ውስጥ በእጅ የሚያዝ መለኪያ አይከለከልም፤ ርቀት የሚለካ ወይም ለማነጣጠር የሚረዳ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ቀስት ላይ መግጠም ግን አይፈቀድም። የሌሎች ግዛቶች ደንብ ስለሚለያይ የግዛትዎን የዓመቱን መመሪያ ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአደን ትምህርት ማስረጃ ሳይኖረው እዚህ ፈቃድ አያወጣም፤ ማለትም ሁላችንም።

ወደ ኢትዮጵያ ይዤው ብሄድስ?

ሳይጠይቁ አይሂዱ። ባይኖኩላር ይዘው ቦሌ የደረሱ መንገደኞች ጉምሩክ ላይ ፈቃድ ተጠይቀው ዕቃቸው የተያዘበት ጊዜ አለ፤ ባለ ሌዘሩ ደግሞ የባሰ ጥያቄ ያስነሣል። አደን አገር ቤት ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ በባሌና በአርሲ ከፍታዎች የደጋ አጋዘን የሚታደነው በተወሰኑ የአደን ክልሎች፣ በፈቃድ ብቻ ነው። ለመንገዱ ግን አንድ ነገር፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሄድም።

ያገለገለ መግዛት ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔም የአሁኑን ባለ ሁለት ዓይን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩን ቤቱ ሳይሆን አንድ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ያግኙት። ከአንዱ የጎል መስመር ላይ ቆመው ተቃራኒው የጎል መስመር ላይ የቆመ ሰው ቢለኩ 100 ያርድ፣ ከበስተጀርባው ያለውን ምሰሶ ቢለኩ 110 መምጣት አለበት። አንድ ያርድ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ምንም አይደለም፤ አምስት ቢለያይ ይመልሱለት። ሌንሱን በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ያብሩና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይፈልጉ። ማጠፊያውን ያንቀሳቅሱት፤ ልል ከሆነ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ አያዩም። ቀጠሮውን ደግሞ ለአመሻሽ ያድርጉት። ሻጩ «በቀን ብንገናኝ ይሻላል» ካለዎት፣ ስክሪኑ በጨለማ እንደማይነበብ ሳያውቅ አይቀርም።